የአማርኛ ፊደል በጃቫስክሪፕት ነዶ ውስጥ፦ ስለ ሞጁል በንድለር አጭር ትምህርት

በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ በሚገኘው የግራና ሸለቆ የመስኖ እርሻ ይካሄዳል። አንድ የአካባቢው ተማሪ የገበሬዎችን የውኃ ተራ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሚያሳይ ድረ ገጽ በጃቫስክሪፕት ለመሥራት ተነሣ እንበል። በሥርዓት የሚጽፍ ከሆነ ሥራውን ይከፋፍለዋል፤ የቀን ስሌቱን በአንድ ፋይል፣ የ13ቱን ወራት ስሞች በሌላ፣ የገጹን ጽሑፍ ደግሞ በሦስተኛ ያስቀምጣል። እነዚህ ክፍልፋዮች ሞጁል ይባላሉ። ብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕትን የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ ሞጁል የቋንቋው መደበኛ አካል የሆነው ግን ከ20 ዓመት በኋላ በ2015 ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ገጹ በስልክ ሲከፈት ነው። ብሮውዘሩ የመጀመሪያውን ሞጁል አውርዶ ካላነበበ በቀር ሁለተኛው እንደሚያስፈልግ አያውቅም፤ ሁለተኛውን ሳያነብም ሦስተኛውን አይጠይቅም። አንድ ጥያቄ ሄዶ መልሱ እስኪደርስ 0.3 ሴኮንድ ቢፈጅና ሞጁሎቹ በ5 ደረጃ ቢያያዙ፣ 1.5 ሴኮንድ በመመላለስ ብቻ ያልፋል። የኔትወርኩ ፍጥነት በሴኮንድ በሚተላለፍ ቢት ቢጨምርም ይህ ጊዜ እምብዛም አይቀንስም፤ ምክንያቱ የመረጃው ብዛት ሳይሆን የምልልሱ ቁጥር ነውና።

መፍትሔው ሞጁሎቹን እንደ ነዶ በአንድ ፋይል ማሰር ነው። ይህን የሚሠራው ፕሮግራም ሞጁል በንድለር ይባላል። ብራውዘሪፋይ፣ ዌብፓክና ሮልአፕ በዚህ ረገድ የታወቁ ናቸው። ለዚህ ትምህርት የመረጥሁት እ.ኤ.አ. በ2020 ኢቫን ዋላስ ያወጣውን ኢኤስቢውልድን ነው፤ ጎ በተባለው ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ እጅግ ፈጣን ነው፣ ትእዛዙም አጭር ነው።

ኢኤስቢውልድ ከኖድ ጋር በሚመጣው ኤንፒኤም አማካይነት አንድ ጊዜ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ለማሰሩ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ይህ ለእኛ ተማሪዎች ትልቅ ጥቅም ነው። (ፕሮግራሙን ከጓደኛ ኮምፒዩተር በፍላሽ የሚቀዳ ተማሪ ግን ለዊንዶውስ የተጫነው በሊኑክስ እንደማይሠራ ይወቅ።) በትእዛዝ መስመሩ ላይ በቅድሚያ የፕሮግራሙ ስም፣ ቀጥሎም ሌሎቹን ሁሉ የሚጠራው የመግቢያ ፋይል ስም ይጻፋል። ከዚያ አማራጮቹ ይከተላሉ፤ እያንዳንዳቸው በሁለት አጫጭር ሰረዞች ይጀምራሉ። «በንድል» ሞጁሎቹን ያስራል፤ «ሚኒፋይ» ትርፍ ክፍት ቦታዎችን ያስወግዳል፣ ረጃጅም የውስጥ ስሞችንም ያሳጥራል፤ «አውትፋይል» ከእኩል ምልክት ጋር የውጤቱን ፋይል ስም ይወስናል። እዚህ በፊደላችን የጻፍኋቸው ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል እንደሚተየቡ አንባቢ አይስተውም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ለማንኛውም ቋንቋ አንድ ነው። አማርኛ ሲገባ ግን ልዩነት ይመጣል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ ለምሳሌ የ«ሰ» ቁጥር በ16 መሠረት አጻጻፍ 1230 ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አሠራር አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ «ሰ» 3 ባይት ይይዛል። ኢኤስቢውልድ ደግሞ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር «ሰ»ን እንዳለ አይተወውም፤ በግራ ያዘነበለ ሰረዝ፣ «ዩ» የምትባለውን የእንግሊዝኛ ፊደልና አራቱን አኃዞች በምትኩ ይጽፋል። ይህ 6 ባይት ነው። ፋይልን ለማሳነስ የተጠራው መሣሪያ የአማርኛውን ጽሑፍ እጥፍ አደረገው ማለት ነው! የእንግሊዝኛው ፊደል ግን እንደ ነበረ 1 ባይት ይቀራል።

ስሌቱን እንመልከት። ክፍት ቦታዎችን ሳንቆጥር 20,000 ሆሄያት ያሉት ጽሑፍ በዩቲኤፍ 8 60,000 ባይት ሲሆን፣ ከለውጡ በኋላ 120,000 ይሆናል። በሴኮንድ 100,000 ቢት በሚያስተላልፍ ኔትወርክ የመጀመሪያው በ4.8፣ ሁለተኛው በ9.6 ሴኮንድ ይደርሳል። የዳታ ክፍያውን የሚሸከመው ስልኩን የያዘው ገበሬ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ተጨማሪ አማራጭ ነው፦ «ቻርሴት» የሚለው ቃል፣ እኩል ምልክት፣ ከዚያም ዩቲኤፍ 8 ያለ ክፍት ቦታ። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ሠሪ መጀመሪያውኑ ያለ ምክንያት አልወሰነም። ገጹ በዩቲኤፍ 8 መጻፉን ካልገለጸ፣ ብሮውዘሩ የ«ሰ»ን 3 ባይቶች እንደ ሦስት ልዩ ልዩ ምልክቶች አንብቦ ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ሊያሳይ ይችላል። በሌላው አጻጻፍ ይህ ስሕተት አይደርስም። ስለዚህ አማራጩን የሚጠቀም ተማሪ በኤችቲኤምኤል ገጹ ራስጌ ላይ የዩቲኤፍ 8 መግለጫውን አስቀድሞ ያስገባ።

የፊዚክስ መምህር ነኝና ሳይለካ መታመን የለበትም እላለሁ። ትእዛዙን አንድ ጊዜ ያለ «ቻርሴት»፣ አንድ ጊዜ ከእርሱ ጋር ስጡ፤ ኢኤስቢውልድ ሥራውን ሲጨርስ የውጤቱን መጠን ራሱ ያሳያል። አገልጋዩ ኮምፒዩተር ፋይሉን በጂዚፕ ጨምቆ የሚልክ ከሆነ፣ ተደጋጋሚው ምልክት በቀላሉ ስለሚጨመቅ በመንገድ ላይ ያለው ልዩነት ከእጥፍ በእጅጉ ያንሳል፤ ይህንንም ሁለቱን ፋይሎች በጂዚፕ ጨምቆ በማወዳደር ማየት ይቻላል።