ከመተማ እስከ ስዋኪን፦ የመንገደኛው ወረቀት

ከመተማ ተነሥቶ በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ፣ ከዚያም በከሰላ አልፎ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ የሚጓዝ ሰው በየኬላው «ወረቀትህ የታለ?» እየተባለ ይጠየቃል። ጥያቄው ከመነሻው እስከ ስዋኪን ወደብ ድረስ አንድ ይምሰል እንጂ በእርግጥ አንድ አይደለም። በአንዱ ስፍራ የሚጠየቀው ማንነቱ ነው፤ በሌላው ዜግነቱ ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ ወደሚሄድበት አገር የመግባት ፈቃድ ያለው መሆኑ ነው። ይህን ልዩነት ባለማወቅ ሁለትና ሦስት ዓይነት መታወቂያ በኪሱ ይዞ ከመርከብ መሰላል ሥር የሚቀር መንገደኛ አለ።

መተማ ዮሐንስና ገላባት በአንድ አነስተኛ የክረምት ጅረት የተለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። የኢትዮጵያው ከተማ ስሙን ያገኘው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ጅረቱ የሁለት መንግሥታት ወሰን መሆኑ በውል የጸናው ግን ከዚያ በኋላ፣ በአፄ ምኒልክና በብሪታንያ መንግሥት መካከል እ.ኤ.አ. በግንቦት 15 ቀን 1902 በተፈረመው ስምምነት ነው። ከውሉ በፊትም ቢሆን መንገደኛ ባዶ እጁን አይሄድም ነበር፤ የላኪውን ማኅተም የያዘ ደብዳቤ ያስፈልገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ ከጎንደር ተነሥቶ በዚሁ አቅጣጫ ወደ ስናር ያለፈው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ይዞ ነበር። ሆኖም በአትባራ ምድር የነበረው ሹም፣ ሼክ ፊደሌ፣ አላሳልፍም ብሎ አጉላላው። ደብዳቤው ሐሰተኛ ስለ ነበረ አይደለም፤ አንባቢው የጸሐፊውን ቃል ለማክበር ስላልፈለገ ነው። ወረቀት በራሱ ኃይል የለውም፤ ኃይሉ የሚመነጨው በሰጪውና በተቀባዩ መካከል ካለው መተማመን ነው።

በአገራችን ብዙኃኑ ሕዝብ የሚያውቀው መታወቂያ የቀበሌው ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተቋቋሙ በኋላ የቀበሌ መታወቂያ ለራሽን፣ ለሥራና ለቤት ኪራይ የማይቀር ሰነድ ሆነ። በዚያ ዘመን ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ «ይለፍ» የሚባል ሌላ ወረቀት ደግሞ መያዝ ግድ ነበር። በአሁኑ ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የታወቀው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የሰውየውን የጣት አሻራ፣ የዓይንና የፊት ገጽታ መዝግቦ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ይሰጠዋል። ፋይዳ «ይህ ሰው እገሌ ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ «ኢትዮጵያዊ ነው» ብሎ ግን አይመሰክርም፤ ምክንያቱም በሕጋዊ መንገድ በአገሪቱ ለሚኖር የውጭ አገር ሰውም ይሰጣል። ስለዚህ ከጅረቱ ማዶ የዜግነት ማስረጃው ፓስፖርት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሰሊጥ ቆራጭ በሐሳባችን እናስከትል። ገዳሪፍ በሰሊጥና በማሽላ እርሻው የታወቀ አውራጃ ስለ ሆነ በአዝመራ ወራት የጉልበት ሠራተኛ ከአማራ ክልል ቆላማ ወረዳዎችም ወደዚያ ሲሻገር ኖሯል። የእኛ ሠራተኛ ስሙ ጫኔ ነው እንበል፤ የተወለደው ጳጉሜን 3 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። በዓረብኛ ፊደል ውስጥ «ጨ» የለም፤ የገዳሪፉ ጸሐፊ ስሙን በሚቀርበው ድምፅ «ሻኔ» ብሎ ይጽፈዋል። ሌላው ጸሐፊ ደግሞ «ታሻኔ» ሊለው ይችላል። ልደቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 2003 ይሆናል። የቀበሌ መታወቂያውንና በገዳሪፍ የተጻፈለትን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያይ ሰው፣ በስም የማይመሳሰሉና በዕድሜ ስምንት ዓመት የሚራራቁ ሁለት ወጣቶች ያሉ ይመስለዋል። በዚህ ላይ መታወቂያው እስከ ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያገለግላል የሚል ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2024 ያነበበው የኬላ ሹም ጊዜው ካለፈ ሰባት ዓመት ተኩል ያህል እንደ ሆነው ይቆጥረዋል፤ እውነቱ ግን ገና የአምስት ወር ዕድሜ የቀረው መሆኑ ነው። እኛ የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አለመውሰዳችንም ሌላው ችግር ነው፤ በዚያ አካባቢ ሦስትና አራት ትውልድ ቆጥሮ መጻፍ የተለመደ ስለ ሆነ፣ አያቱን በአንዱ ቅጽ ሞልቶ በሌላው የተወ ሰው ራሱን በራሱ ያስጠረጥራል። በእኔ አስተያየት ሰነድ አልባ ከመሆን ይልቅ የማይስማሙ ሰነዶችን መያዝ አንዳንዴ የባሰ ነው፤ የመጀመሪያው ችግረኛ ሲባል ሁለተኛው አጭበርባሪ ይባላልና።

በገዳሪፍ ዙሪያ ፓስፖርት አውጥተው ያልሄዱ፣ ሕይወታቸውን ለማዳን ጅረቱን የተሻገሩ ብዙ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ስሙ የገነነው ኡም ራኩባ ጣቢያ፣ የትግራይ ጦርነት እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2020 ሲነሣ እንደገና ተከፍቶ ስደተኞችን ተቀበለ፤ ጡነይድባህ የተባለውም በጥር ወር 2021 ተጨመረ። የስደተኞች ሁኔታ የሚተዳደርበት ዓለም አቀፍ ስምምነት የ1951ዱ ነው፤ ኢትዮጵያ በ1969፣ ሱዳን በ1974 እ.ኤ.አ. ተቀብለውታል። አንቀጽ 27 የጉዞ ሰነድ ለሌለው ስደተኛ መታወቂያ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ከአገር ውጭ ለሚሄደው የጉዞ ሰነድ እንዲሰጠው ይደነግጋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በመታወቂያው ስደተኛው በጣቢያው ይኖርበታል፤ በጉዞ ሰነዱ ድንበር ያልፍበታል፤ የሰጠው መንግሥትም ባለቤቱን መልሶ ለመቀበል ቃል ይገባበታል። ሱዳን ስምምነቱን ስትቀበል በነፃ ስለ መዘዋወር በሚናገረው በአንቀጽ 26 ላይ ገደብ ስላደረገች፣ መታወቂያ የያዘ ስደተኛ ከጣቢያው ለመውጣት ሌላ ፈቃድ ሲጠየቅ ቆይቷል።

ጫኔ እስከ ስዋኪን ደረሰ እንበል። በ1965 እ.ኤ.አ. በለንደን የተፈረመው የባሕር ትራፊክ ማቀላጠፊያ ስምምነት እንደሚለው፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት የመርከብ ተሳፋሪ መሠረታዊ ሰነድ ነው። ይኸው ስምምነት መንግሥታት በመካከላቸው ተስማምተው በፓስፖርት ፈንታ መታወቂያ እንዲቀበሉም ይመክራል። የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ በብሔራዊ መታወቂያው ብቻ ከኅብረቱ ወደብ ወደ ኅብረቱ ወደብ የሚሻገረው፣ አሜሪካዊም ከአገሩ ወደብ ተነሥቶ ወደዚያው በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ በልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ ባለው መታወቂያ የሚሳፈረው ከዚህ ጋር በሚመሳሰል አሠራር ነው። ከስዋኪን ወደ ጅዳ ለሚሻገረው ለእኛ መንገደኛ ግን እንዲህ ያለ ማቅለያ የለውም፤ ፓስፖርትና የሳዑዲ ዓረቢያ ቪዛ ያስፈልጉታል። የመርከቡ ሹም ጥብቅ የሚሆነው በክፋት አይደለም፤ መግባት የተከለከለውን ተሳፋሪ መልሶ የመውሰዱ ኃላፊነት በብዙ አገሮች ሕግ የሚወድቀው በመርከቡ ባለቤት ላይ ስለ ሆነ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ይህ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ተናጋ። ቪዛ ለማግኘት ፓስፖርታቸውን በውጭ ኤምባሲዎች አስቀምጠው የነበሩ ሱዳናውያን፣ ኤምባሲዎቹ ተዘግተው ሠራተኞቻቸው ሲወጡ ያለ ሰነድ ቀሩ። ከፖርት ሱዳን የልዩ ልዩ አገር ሰዎችን ወደ ጅዳ የሚያሻግሩ መርከቦች ሲነሡ፣ በገዳሪፍ በኩል ደግሞ ሱዳናውያንና ሌሎችም ወደ መተማ ጎረፉ። ጫኔ በሄደበት መንገድ ሌሎች በተቃራኒው መጡ፤ መታወቂያ ሰጪ የነበረው አገር ጠያቂ ሆነ። ከመጡት መካከል ፓስፖርታቸው የጠፋባቸው ኢትዮጵያውያንም ነበሩ።

ዜጋ በውጭ አገር ሳለ ፓስፖርቱ ቢጠፋበት ወይም ጊዜው ቢያልፍበት ኤምባሲው ወይም ቆንስላው ዜግነቱን አጣርቶ «ሊሴ ፓሴ» የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ይህ ወረቀት አቅጣጫው አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱን ከገላባት ወደ መተማ ያሳልፈዋል፤ ከስዋኪን ወደ ጅዳ የሚሻገረው መርከብ ግን አይቀበለውም።

መልመጃ

1. ፋይዳ ከፓስፖርት የሚለየው በምንድን ነው? ምክንያቱን ከምንባቡ አውጥታችሁ ጻፉ።
2. የጀምስ ብሩስ ታሪክ በምንባቡ ውስጥ የገባው ለምን ይመስላችኋል?
3. «የማይስማሙ ሰነዶችን መያዝ አንዳንዴ የባሰ ነው» በሚለው የጸሐፊው አስተያየት ትስማማላችሁን? በክፍላችሁ ተወያዩበት።
4. ስማችሁን እስከ አያታችሁ፣ የልደት ቀናችሁንም በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጽፋችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ተራረሙ።