የአንድ ቤት ሁለት ዋጋ

በአዲስ አበባ ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር፣ የቤቱ ዋጋ ይሰላ የነበረው ለግንባታው በወጣው ወጪ መሠረት ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከ300,000 የሚበልጡ ነዋሪዎች ተመዘገቡ፤ ቤቱም በዕጣ ይታደል ጀመር። በ20/80 መርሐ ግብር ባለዕጣው የዋጋውን 20 በመቶ በቅድሚያ ከፍሎ ቀሪውን በባንክ ብድር ይሸፍናል።

ይሁን እንጂ ያው ቤት ወደ ገበያ ሲወጣ ሌላ ዋጋ ያወጣል። ሲሚንቶውና ብረቱ አልተለወጠም፤ ገዢው የሚከፍለው ግን ለአስፋልቱ፣ ለታክሲውና ለትምህርት ቤቱ ቅርበት ጭምር ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም፤ የቦታው ዋጋ ግን በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተሸሽጎ ይሸጣል። ውሃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ተሸክሞ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ደግሞ፣ ገዢ ስለ ላይኛው ፎቅ ለምን እንደሚያመነታ ያውቀዋል።

ይህ የዋጋ ልዩነት የአትራፊዎች መነገጃ እንዳይሆን ሲባል ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። ክልከላው ግን ገበያውን አላቆመውም፤ ከደጅ ወደ ጓዳ አስገባው እንጂ። አንዳንዶች ሽያጩን በውክልና ስም ፈጸሙ። እዚህ ላይ ገዢው ብርቱ አደጋ አለበት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣል። ሻጩ ቢሞት ለገዢው የሚቀርለት በስሙ ያልተዛወረ ቤትና ከወራሾች ጋር የሚገጥመው ክርክር ነው።

መልመጃ
1. «ከደጅ ወደ ጓዳ አስገባው» ሲባል ምን ማለት ነው?
2. ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ምን መጠየቅ ነበረበት? ተወያዩ።