ለግልግል ዳኝነት ጠበቃ መቼ ይፈለጋል?

አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ከብረት አቅራቢው ጋር ተጣላ እንበል። ብረቱ ዘግይቷል፣ ዋጋውም ንሯል። ውሉ ሲገለጥ በመጨረሻው ገጽ «አለመግባባት ቢፈጠር በግልግል ዳኝነት ይታያል» ይላል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ዳኛው አንድ ነው ወይስ ሦስት? ማን ይሰይማል? በየት ከተማ፣ በየትኛው ተቋም ደንብ? ተጣልተው የማይነጋገሩ ሰዎች አሁን በዚህ ሁሉ መስማማት ሊኖርባቸው ነው። በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ውሉ ስለ ቁጥሩ ዝም ካለ ዳኞቹ ሦስት ይሆናሉ። ክርክሩ በትንሽ ገንዘብ ከሆነ የሦስት ዳኞች ክፍያ ከባድ ሸክም ነው። የግልግል ዳኝነትን የሚያውቅ ጠበቃ መፈለግ ያለበት እንግዲህ ውሉ ሲረቀቅ ነው።

ብዙዎቻችን ግልግል ሲባል ሽምግልና ይመስለናል። ሽማግሌ ያስታርቃል፤ ካልተስማማን ትተን መሄድ እንችላለን። የግልግል ዳኛ ግን ማስረጃ መርምሮ፣ ምስክር ሰምቶ ይወስናል፤ ውሳኔውም በፍርድ ቤት በኩል ይፈጸማል። ተዋዋዮቹ በስምምነታቸው ካልፈቀዱ በስተቀር ይግባኝ የለም። መሠረታዊ የሕግ ስህተት ሲኖር ለሰበር ማቅረብ ይቻላል፤ ይህንንም ቢሆን ተዋዋዮቹ በስምምነት ሊያስቀሩት ይችላሉ። መጀመሪያ ላይ ሳይነሳ የቀረ ክርክር ወይም ሳይቀርብ የቀረ ደረሰኝ በኋላ የሚታረምበት ዕድል ጠባብ ነውና፣ ጠበቃው ከጅምሩ የበረታ መሆን አለበት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጠበቃ በምን ይለያል? የጥብቅና ፈቃዱ የጸና መሆኑን አረጋግጡ። በግልግል ጉባኤ ፊት ተከራክሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ንግድና ዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት የግልግል ተቋም ደንብ ሠርቶ እንደሆነ ጠይቁ። የራሱን አበል፣ የዳኞቹን ክፍያና የመዝገብ ወጪውን ለያይቶ በጽሑፍ ያሳያችሁ። ጥሩ ጠበቃ ዋጋ ከመናገሩ በፊት ውሉን ያነባል፤ ጉዳዩ ለግልግል የሚቀርብ መሆኑንም ይመረምራል። ፍቺ፣ ጉዲፈቻ፣ ውርስ፣ ግብር፣ ወንጀልና የመሬት ጉዳይ በአዋጁ መሠረት በግልግል ዳኝነት አይታዩም።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። እናንተ የመረጣችሁት ዳኛ የእናንተ ጠበቃ አይደለም። ለሁለቱም ወገን እኩል ገለልተኛ መሆን፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ያለውንም ግንኙነት አስቀድሞ መግለጽ ግዴታው ነው። «ዳኛው የእኔ ሰው ነው፤ አታስቡ» የሚላችሁ ጠበቃ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ፤ እንዲህ ባለ ዳኛ የተገኘ ውሳኔ ሊሻር ይችላል።

አሁን በሰላም የምትሠሩበት ውል ካለ አውጥታችሁ የግልግል ዳኝነትን ለሚያውቅ ጠበቃ አሳዩት። የግልግል አንቀጹ ጎደሎ ከሆነ ሁለቱም ወገኖች በሚፈርሙት አጭር የማሻሻያ ስምምነት ይሟላል። ይህን ፊርማ ከወዳጅ ማግኘት ቀላል ነው፤ ከባላጋራ ማግኘት ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።