የመጀመሪያ ካሜራ ለሚገዛ፤ ገንዘቡ ለአካሉ ወይስ ለሌንሱ?

እንጭኒ በምዕራብ ሸዋ የአደአ በርጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከሆለታ ወደ ሙገር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ስትሆን፣ በወረዳው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የዳንጎቴ ፋብሪካ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማምረት ላይ ናቸው። ደመወዝ የሚቆጠርበት አካባቢ ደግሞ ልብስ ሰፊ፣ ምግብ ቤትና ፎቶ ቤት ይፈልጋል። በእንዲህ ዓይነቷ ከተማ ለፎቶ ሥራ የሚገዛ ካሜራ እንደ ወፍጮ ወይም እንደ ስፌት መኪና የማምረቻ ዕቃ ነውና አገዛዙም በዚያው ሚዛን ሊታይ ይገባል።

ለትምህርት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የእንጭኒ ወጣት 20 አባላት ባሉት፣ በወር 5,000 ብር በሚጣልበት እቁብ ውስጥ ገብቷል እንበል። በሦስተኛው ወር ዕጣው ወጣለትና 100,000 ብር ተቀበለ። በዚህ ገንዘብ ፎቶ ቤት ሊከፍት አስቧል። ነገር ግን ገንዘቡ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ገና የ17 ወር፣ ማለትም የ85,000 ብር ዕዳ አለበት። እቁብተኛ ፊት ደግሞ “ካሜራው ተበላሸ” ብሎ መቅረት አይቻልም። ስለዚህ የሚገዛው ዕቃ ከመጀመሪያው ወር አንሥቶ 5,000 ብር ማስገባት አለበት። ከዚህ በታች ያሉት የዋጋ አኃዞች ሁሉ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ ገበያው ራሱ ይናገራል።

ገበያው ምን ላይ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ካሜራ ሙሉ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በመሆኑ ይህ በቀጥታ ዋጋው ላይ ያርፋል።

በሌላ በኩል ዕቃው ራሱ በዓለም ገበያ እየረከሰ የመጣ ነው። ዲኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ በሌንሱ የገባውን ብርሃን በመስታወት ወደ ዓይን የሚመልስ፣ ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ተነሥቶ ብርሃኑ በሰንሰሩ ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ኮዳክ በ1991 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ለገበያ ሲያቀርብ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ካኖን በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣው 300ዲ ግን ከ1,000 ዶላር በታች በመሸጡ ዕቃውን ለጀማሪ አቀረበው። ከዚያ መስታወት የሌላቸው፣ ሚረርለስ የሚባሉት ካሜራዎች መጡ። ካኖንም ሆነ ኒኮን በ2018 እ.ኤ.አ. ሙሉ ትኩረታቸውን ወደ እነዚህ ማዞር ጀመሩ፤ የመጨረሻዎቹን አዳዲስ ዲኤስኤልአሮች ያወጡትም በ2020 እ.ኤ.አ. ነበር።

ይህ ለገዢው ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ባለሙያዎች ወደ አዲሱ ሲሻገሩ አሮጌውን ስለሚሸጡ ያገለገለ ዲኤስኤልአርና ሌንስ በብዛት ይገኛል። ሁለተኛ፣ ዕቃው እያደር ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ “ሠርቼበት በገዛሁበት ዋጋ እሸጠዋለሁ” የሚል ስሌት መጣል አለበት። የካሜራ ትርፍ የሚገኘው ከሥራው ነው።

አካሉ ያረጃል፣ ሌንሱ ይቆያል

የጀማሪ ትልቁ ስህተት ገንዘቡን ሁሉ በአካሉ ላይ ማፍሰስ ነው። ሻጩ የሚጠራው የሜጋፒክስል ቁጥር ያማልላል፤ ሲመረመር ግን ያን ያህል አይደለም። 18 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ በጥሩ የኅትመት ጥራት 44 በ29 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፎቶ ይሰጣል። ይህ ለአብዛኛው የሰርግ አልበም ገጽ ይበቃል። ከዚያ በላይ ላለው ቁጥር የሚከፈለው ጭማሪ ደንበኛው የማያየው ወጪ ነው።

ሌንስ ግን ሌላ ነው። ካሜራ ሲገዛ የሚገዛው የሌንስ ማሰሪያው ጭምር ነው። የካኖን ኢኤፍ ማሰሪያ ከ1987 እ.ኤ.አ.፣ የኒኮን ኤፍ ማሰሪያ ደግሞ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበሩ ናቸው። የካኖን ሌንስ በኒኮን ላይ አይገጥምም። ነጋዴው አካሉን በሁለት በሦስት ዓመት ሊቀይር ይችላል፤ ሌንሶቹ ግን አብረውት ይኖራሉ። ወደ ሚረርለስ ሲሻገርም የካኖን ኢኤፍ ሌንሶች በማገናኛ አማካይነት በአዲሱ አካል ላይ በሚገባ ይሠራሉ።

ታዲያ የትኛውን? በእንጭኒም ሆነ በሆለታና በአምቦ ለሚሠራ ሰው መልሱ ከፋብሪካው ስም ይልቅ በአካባቢው ያሉት ባልደረቦቹ በያዙት ዕቃ ላይ ይመሠረታል። በሰርግ ቀን ባትሪ ቢያልቅ ወይም ሌንስ ቢሰበር ከጎረቤት ፎቶ ቤት መዋስ የሚቻለው ማሰሪያው አንድ ከሆነ ነው።

ሁለት ወጥመዶችን ግን ማወቅ ይጠቅማል። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ አካሎች በውስጣቸው የማተኮሪያ ሞተር የላቸውም፤ በመሆኑም ኤኤፍ-ዲ የተባሉት አሮጌ ሌንሶች በእነርሱ ላይ ራሳቸው አያተኩሩም። በርካሽ የተገኘ የኒኮን ሌንስ ብዙ ጊዜ ሚስጥሩ ይህ ነው። በካኖን በኩል ደግሞ ኢኤፍ-ኤስ የሚል የተጻፈበት ሌንስ ትልቅ ሰንሰር ባላቸው አካሎች ላይ አይገጥምም። የካኖን 4000ዲ የተባለው ርካሽ አካልም የሌንስ ማሰሪያው ፕላስቲክ ስለሆነ ሌንስ በየጊዜው እየቀያየረ ለሚሠራ ሰው አይመከርም።

በሌንሱ ላይ ያለው ቁጥር

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ 18-55 የተባለው ሌንስ ነው። ሰፊም ጠባብም ያነሣል፤ ለቀን ብርሃንና ለቡድን ፎቶ ይበቃል። ድክመቱ ጨለማ ላይ ነው። በሌንሱ ፊት የተጻፈው 3.5-5.6 የሚለው ቁጥር የብርሃን መግቢያውን ስፋት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል።

50 ሚሊ ሜትር የሆነው ባለ 1.8 ሌንስ በሁለቱም ፋብሪካዎች ዘንድ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ይህ ሌንስ 18-55ቱ በ55 ላይ ሲሆን ከሚያስገባው ብርሃን አሥር እጥፍ ሊጠጋ ያስገባል። መብራት በሚጠፋበት ድንኳን ውስጥ፣ ብልጭታ በማይወደድበት የቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት ላይ ልዩነቱ የሚታይ ፎቶና የማይታይ ፎቶ ነው። ይሁንና አነስተኛ ሰንሰር ባላቸው የጀማሪ ካሜራዎች ላይ 50ው በካኖን እንደ 80፣ በኒኮን እንደ 75 ሆኖ ያጠብባል። ለአንድ ሰው ገጽታ መልካም ነው፤ በጠባብ ሳሎን ውስጥ አሥር ዘመድ ለማሰለፍ ግን ወደ ኋላ የሚኬድበት ቦታ አይገኝም። ለዚህ ነው ሁለቱ ሌንሶች አንዱ ሌላውን የማይተካው።

ረጅሙን፣ 55-250 ወይም 70-300 የተባለውን ሌንስ ብዙ ጀማሪዎች መልኩ ስለሚያምር ቀድመው ይገዛሉ። ለፈረስ ጉግስ ወይም ለኳስ ጨዋታ ይጠቅማል። ለሰርግ ግን ሦስተኛ ተራ ነው። ካስፈለገ ከአዲስ አበባ ለአንድ ቀን መከራየት ይቻላል።

ያገለገለ ዕቃ እንዴት ይፈተሻል?

የዲኤስኤልአር መዝጊያ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ለጀማሪና ለመካከለኛ ደረጃ በተሠሩ አካሎች ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው 100,000 ገደማ ምት ነው፤ ከፍ ባሉት 150,000 ይደርሳል። ይህ ግምት በመሆኑ አንዳንዱ ይበልጣል፣ አንዳንዱ ቀድሞ ይሰበራል። ቢሆንም ለዋጋ ድርድር ዋናው መለኪያ ነው። ኒኮን ቁጥሩን በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፈው በኮምፒውተር ማንበብ ቀላል ነው። በአብዛኛው የካኖን አካል ላይ ግን ለይቶ የሚያነብ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ስሌቱን እንመልከት። በአንድ ሰርግ 1,000 ምት ይነሣል እንበል። አንደኛው አካል 42,000 ብር ሆኖ 30,000 ምት ተነሥቶበታል፤ ቀሪው 70,000፣ ማለትም የ70 ሰርግ ዕድሜ ነው። ሁለተኛው 30,000 ብር ሆኖ 80,000 ተነሥቶበታል፤ ቀሪው የ20 ሰርግ ነው። የመጀመሪያው በሰርግ 600 ብር፣ ሁለተኛው 1,500 ብር ያስወጣል። በ12,000 ብር ይረክሳል የተባለው ዕቃ በሥራ ሲለካ ሁለት ተኩል ጊዜ ይወደዳል ማለት ነው። በወር ሁለት ሰርግ ለሚያነሣ ሰው ርካሹ አካል እቁቡ ሳያልቅ ሊያልቅ ይችላል።

ከዚህ ሌላ በሻጩ ፊት የሚደረግ ፍተሻ አለ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ በውስጡ ማየት ያስፈልጋል፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ከታየ ሻጋታ ነውና መተው ይሻላል። እንደ እንጭኒ ባለ ደጋ በክረምት እርጥበት ሻጋታ ይስፋፋል። የብርሃን መግቢያውን ወደ 16 ቁጥር አጥብቦ ነጭ ወረቀት ማንሣት በሰንሰሩ ላይ ያለውን አቧራና ጭረት ያጋልጣል። በቅርብም በሩቅም ማተኮሩን፣ ፍላሹ መብራቱን፣ ባትሪው መያዙን ማረጋገጥ ይገባል። በአካሉ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር መመሳከር አለበት፤ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ዕቃ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ገዢው መከላከያ አይኖረውም።

አንድ ዓይነት የካኖን ካሜራ በተለያየ አገር የተለያየ ስም እንዳለውም ማወቅ ይረዳል። 600ዲ፣ ሬብል ቲ3አይ እና ኪስ ኤክስ5 የተባሉት አንድ ካሜራ ናቸው። ስሙ ስለተለየ ብቻ ተጨማሪ የሚጠይቅ ሻጭ ቢያጋጥም መልሱ ይኸው ነው።

100,000 ብሩ እንዴት ይከፋፈል?

ለአካሉ 42,000፤ ለ18-55ቱና ለ50ው ሌንስ በአንድነት 25,000፤ ለውጭ ፍላሽ 10,000፤ ለትርፍ ባትሪ፣ ለሁለት ሜሞሪ ካርድና ለቦርሳ 8,000። ድምሩ 85,000 ይሆናል። ትርፍ ባትሪና ሁለተኛ ካርድ ቅንጦት አይደሉም። ሰርግ አይደገምምና፣ በአንድ ካርድ ላይ የነበረ ፎቶ ቢጠፋ የሚጠፋው የደንበኛው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ የፎቶ ቤቱም ስም ነው።

ቀሪው 15,000 አይነካም። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። ሰርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፤ በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ግን ይቆማል። ጾሙን የማይዙ ቤተሰቦች ሥራ ሊሰጡ ቢችሉም ጥንቁቅ ነጋዴ በዚያ ላይ አይመሠርትም። የሁለት ወር እቁብ 10,000 ብር ነው፤ የተረፈው 5,000 ለጥገና ይሆናል።

ከረዳት፣ ከመጓጓዣና ከኅትመት ወጪ በኋላ አንድ ሥራ 4,000 ብር ቢያስተርፍ፣ በወር ሁለት ሥራ በአሥር ወር 80,000 ብር ያስገባል። የዓመቱ እቁብ 60,000 ነው። ጠባብ ነው፤ ግን ይቆማል። ጀማሪው 100,000ውን በሙሉ ባማረ አካል ላይ አውሎት ቢሆን ግን በመጀመሪያው ጾም ካሜራውን ለመሸጥ ይገደድ ነበር። በዚያ ወቅት ደግሞ ሌሎችም ሊሸጡ ይወጣሉ።

አንድ ነገር ይጨመር። የመታወቂያ ፎቶ የትንሽ ከተማ ፎቶ ቤት የዘወትር እንጀራ ነበር። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ግን የተመዝጋቢውን ፊት በምዝገባው ቦታ ራሱ ያነሣል፤ የቤት ፎቶውንም ስልክ ወስዶታል። ሰው ለፎቶ ቤት የሚከፍለው ስልኩ ለማይችለው ነገር ነው፦ ለማታው ድንኳን፣ ለትልቁ ኅትመት፣ ለአልበሙ። የሌንስ ምርጫው ከዚህ ይነሣል።

ፈረስ ገዝቶ ለኮርቻ የሚሆን ገንዘብ ያላስቀረ ሰው ገበያውን በእግሩ ይመለሳል። ካሜራም ያለ ሌንሱ፣ ያለ ትርፍ ባትሪውና ያለ ጾም ወር ተቀማጩ እንደዚያው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ገዢው ወደ አዲስ አበባ ከመውረዱ በፊት ስሌቱን እዚያው እንጭኒ በወረቀት ላይ ይጨርስ።