የፀረ ተባይ መርዝና ደምን የማጥራት ሕክምና፦ ሰበካ ጉባኤያት ሊያውቁት የሚገባ

በሐረር ዙሪያ ጫት፣ አትክልትና እህል በሚመረትበት ገጠር ፀረ ተባይ ኬሚካል ከቤት ዕቃ እንደ አንዱ ተቆጥሯል። መርዙ በስሕተት ሕፃን እጅ ሲገባ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ሲጠጣው፣ ቤተሰቡ አስቀድሞ ከሚጠራቸው አንዱ ካህኑ ነው። በዚያች ሰዓት «ደሙ በማሽን እንዲታጠብ አዲስ አበባ እንውሰደው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ምክራችን በዕውቀት ላይ የቆመ ይሆን ዘንድ ሕክምናዎቹን ማነጻጸር ይገባናል።

ደምን የማጥራት ዋና ዋና ሕክምናዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ዳያሊሲስ ወይም የኩላሊት እጥበት ሲሆን፣ ደሙን በስስ ማጣሪያ አሳልፎ በውኃ የሚሟሟ መርዝን ያስወግዳል። ሁለተኛው ሄሞፐርፊዩዥን ይባላል፤ ደሙ ከሰል በያዘ ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ መርዙ ከከሰሉ ላይ ይጣበቃል። ሦስተኛው የፕላዝማ ልውውጥ ነው፤ የታማሚው ፕላዝማ ወጥቶ በለጋሽ ፕላዝማ ይተካል።

የሚሻለውን የሚወስነው የመርዙ ዓይነት ነው። ማላታይንና ዳያዚኖን የሚገኙበት የኦርጋኖፎስፌት ወገን ከደም ወጥቶ በስብና በሌሎች የሰውነት ክፍሎች ውስጥ ስለሚሠራጭ፣ ማሽኖቹ የሚያገኙት ጥቂቱን ብቻ ነው። በዚህ መርዝ ሕይወት የሚያተርፉት የአየር መተላለፊያን ማጽዳት፣ ኦክስጅን፣ አትሮፒን የተባለው መድኃኒትና አስፈላጊ ሲሆን የመተንፈሻ ማሽን ናቸው። ፓራኳት ለተባለው ፀረ አረም ሄሞፐርፊዩዥን ሊረዳ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርዙ ሳንባ ውስጥ ይሰፍራል። ለነቀዝ የሚደረገው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ኪኒን ደግሞ ማርከሻ የለውም፤ ዳያሊሲስም የደከመውን ኩላሊት ያግዛል እንጂ መርዙን አያወጣም።

እንግዲህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኝ ማሽን ፍለጋ በአቅራቢያ ያለውን ሆስፒታል ማለፍ ታማሚውን በመንገድ ላይ ማጣት ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ይድረስ፤ ወደ ሌላ ቦታ መላኩን ሐኪሙ ይወስን።

ታማሚው ብዙ ምራቅና ላብ ቢያወጣ፣ የዓይኑ ብሌን ቢጠብና ትንፋሹ ቢከብደው የመርዝ ምልክት መሆኑን እንወቅ። የተበከለ ልብሱን አውልቀን ገላውን በሳሙናና በውኃ እንጠብ፤ የራሳችንንም እጅ በጓንት ወይም በላስቲክ እንሸፍን። እንዲያስመልሰው አናስገድድ፤ ወተትም አንስጥ። የመርዙን ዕቃ ከነጽሑፉ ለሐኪሙ እናድርስ። በጁገል ግንብ ውስጥ ብዙዎቹ መንገዶች መኪና ስለማያስገቡ፣ ታማሚውን ተሸክሞ እስከ በሩ የሚያደርስና መኪና የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ጸበሉ ሕክምናውን፣ ሕክምናውም ጸበሉን አይከለክልም፤ ኀፍረትም ቤተሰቡን ሊያዘገየው አይገባም። በራሱ ላይ እጁን ያነሣ ሰው ተግሣጽ ሳይሆን አጽናኝ ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መከላከል ነው። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑ ፀረ ተባዮችን ደረጃ በደረጃ በመከልከሏ፣ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በእጅጉ ቀንሷል። እኛም በቀጣዩ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ አንድ አጀንዳ እንያዝ፦ በየምእመናኑ ቤት ያለው መርዝ ከምግብ ተለይቶ፣ በውኃ መጠጫ ጠርሙስ ሳይገለበጥ፣ በቁልፍ ይቀመጥ።