የኤሌና መፍትሔ እኛ ጋ አይሠራም፦ ከፍቅር መለያየት በኋላ ሰውነታችን ምን ይሆናል?

ዛሬ ከፊልም ተነስተን ወደ ጤና እንገባለን።

«ዘ ቫምፓየር ዳየሪስ»ን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችሁታል ብዬ እገምታለሁ። ከ2009 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በ8 ሲዝን የታየ ድራማ ነው። ስድስተኛው ሲዝን ሲጀምር ኤሌና የምትወደው ዴመን ሞቷል ብላ ሐዘኑን መቋቋም አቃታት። ስለዚህ ቫምፓየር የሆነውን አላሪክን «እሱን መውደዴን ከአእምሮዬ አጥፋልኝ» አለችው፤ አጠፋላትም። ችግሩ የመጣው ዴመን በሕይወት ሲመለስ ነው። ፊቷ ቆሞ እሷ ፍቅሩን አታስታውስም። አላሪክ ደግሞ ተመልሶ ሰው ስለሆነ ያጠፋውን መመለስ አልቻለም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። መካነ ሰላም እየሠራሁ አንዲት ወጣት በእናቷ ተደግፋ መጣች (ማንነቷ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። ደረቷን ይጨንቃታል፣ እንቅልፍ የላትም፣ እህል ከቀመሰች ቀናት አልፈዋል። እናትየው «ዶክተር ልጄ፣ ልጄን አንድ ነገር አስነክተዋት ነው፤ መስተፋቅር ነው» አሉኝ። ኢሲጂ ተነሳች፣ ደሟ ታየ፣ ደህና ነው። ከዚያ «እስቲ እናቴ፣ ትንሽ ውጭ ይቆዩልን» አልኳቸው። ልጅቷ ብቻዋን ስትቀር አለቀሰች። ሦስት ዓመት አብሯት የቆየው ልጅ ትቷት ሌላ ይዟል። «ዶክተር፣ እንደ ኤሌና የሚያስረሳ መርፌ የለም?» አለችኝ።

መልሱ የለም ነው። ግን የሚሰማት ነገር የእውነት ነው፤ ምክንያቱን እንይ።

አእምሯችን ላይ ምን ይፈጠራል?

በ2010 እ.ኤ.አ. ሄለን ፊሸር የተባለችው ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር፣ ፍቅረኛቸው ትቷቸው ገና ያልወጣላቸው 15 ሰዎች የዚያን ሰው ፎቶ እያዩ አእምሯቸውን በኤምአርአይ አየች። የነቃው ክፍል ከሱስና ከአምሮት ጋር የሚያያዘው ነው። ስለዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስታችሁ ፕሮፋይሉን ስታዩ ወራዳ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ሱስ እንደተቋረጠበት ሰው እየሆናችሁ ነው። ባያችሁ ቁጥር ግን ሱሱን ትመግቡታላችሁ።

በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ 40 ሰዎች ላይ በተሠራ ጥናት፣ የመለያየት ሕመም የአካል ሕመም የሚሰማባቸውን የአእምሮ ክፍሎች ጭምር እንደሚያነቃ ታይቷል። «ልቤ ታመመ» የምንለው ለወግ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ልብ ራሱም ሊጎዳ ይችላል። የጃፓን ሐኪሞች በ1990 እ.ኤ.አ. የገለጹት ታኮትሱቦ የሚባል ሕመም አለ። ከከባድ ድንጋጤ ወይም ሐዘን በኋላ የልብ ጡንቻ ለጊዜው ይደክማል፤ ምልክቱ ከልብ ድካም ጥቃት አይለይም። በብዛት የወር አበባቸው የቆመ ሴቶችን ይይዛል፤ አብዛኞቹ በሳምንታት ውስጥ ይድናሉ። ስለዚህ የደረት ሕመም ያለበትን ሰው «ፍቅር ነው፣ ይለቀዋል» ብላችሁ ቤት አታስቀምጡት። መጀመሪያ ይመርመር።

«ተደርጎብኝ ነው» የሚለውስ?

ወሎ ውስጥ ጸበሉም ዱዓውም የኖርንበት ነው። ሰው ተሰብስቦ ሲጸልይላችሁ ብቻችሁን አለመሆናችሁን ታውቃላችሁ፤ ይህ በራሱ ይረዳል። ስለዚህ ይቀጥል። ነገር ግን ሦስት ነገር ላይ እንስማማ፦ የታዘዘ መድኃኒት አይቋረጥ፣ ታማሚው ምግብና ውኃ አይከልከል፣ በጭስ መታፈን፣ መታሰርና መመታት አይኑር። «መስተፋቅር ነው» ስንል ደግሞ ልጅቷን ምን እንደሆነች የሚጠይቃት ሰው ይጠፋል። ትልቁ ጉዳት እሱ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. ለመርሳት አትታገሉ። «አላስበውም» ያሉት ሐሳብ ይብሳል፤ ዳንኤል ዌግነር በ1987 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ነጭ ድብ አታስቡ ብሎ ያሳየው ይህንኑ ነው። ሲመጣ ይምጣ፣ ይሄዳል።

2. ፎቶውንና ቻቱን ከዓይናችሁ አርቁ። ማጥፋት ከከበዳችሁ ለምታምኑት ጓደኛ ልካችሁ ከስልካችሁ አውጡት።

3. እንቅልፍን ጠብቁ። ስልክ አልጋ ላይ አይውጣ። የማታ ቡናና ጫት እንቅልፍም የምግብ ፍላጎትም ይነሳል። አረቄና ቢራ ለሰዓታት ያደነዝዛል፣ በማግስቱ ድብርቱን ያብሰዋል።

4. ዳያዜፓም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታችሁ አትውሰዱ። ሱስ ያስይዛል።

5. ከሰው አትራቁ። ጎረቤት ቡና ሲጠራችሁ ሂዱ፤ አቦሉን ዝም ብላችሁ ጠጡ፣ በረካው ላይ ወሬ ይመጣል። ጠዋት 30 ደቂቃ በእግር ሂዱ፤ ምግብ ካልገባላችሁ ትንሽ ትንሽ ቅመሱ።

መቼ ወደ ሐኪም?

ከፍቶኝ ነው ከሚባለው አልፎ ለ2 ሳምንት አብዛኛውን ቀን ድብርት ካለ፣ የምትወዱት ነገር ሁሉ ካስጠላችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ሥራ ወይም ትምህርት ካቆማችሁ ይህ ሕክምና ያለው የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። በአቅራቢያችሁ ካለ ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ደሴ ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ሪፈር ትባላላችሁ።

«ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ ዛሬውኑ ኑ። ቤተሰብም በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣውም፤ እንዲያውም ያቀለዋል። የተባይ ኬሚካልና መድኃኒት ከቤት አውጡ፣ ብቻዋን አትተዋት።

ያቺ ልጅ ከእናቷ ጋር ለወራት ተመላለሰች። እናትየው ጸበሉንም አላቋረጡም፣ ቀጠሮውንም አላሳለፉም። በመጨረሻው ቀጠሮ «ረሳሽው?» ብዬ ቀለድኩባት። «አልረሳሁትም ዶክተር፤ ግን ስሙ ሲጠራ እንጀራው አያንቀኝም» አለችኝ።

መዳን ማለት ይህ ነው። ሰሞኑን የከፋው የምታውቁት ሰው ካለ ሼር አድርጉለት፤ ከሼሩ በፊት ግን ደውሉለት።

ጤና ይብዛላችሁ!