ቤትም ባና ይፈልጋል

ባና እሳት የለውም። ታዲያ እንዴት ያሞቃል? መልሱ ቀላል ነው። ባና ሙቀት አይፈጥርም፤ የሰውን ገላ ሙቀት ይዞ ያቆያል እንጂ። በበጉ ጠጉር መካከል ብዙ አየር አለ። ይህ አየር ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ሙቀቱ ቶሎ አያመልጥም። ቀዳዳ ባና ለብሶ የተኛ ሰው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ቤትም እንዲሁ ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ፣ በሩ ያልገጠመ ቤት ቀዳዳ ባና ነው። የቱንም ያህል ኩበት ቢነድድበት ሙቀቱ ወደ ውጭ ይሄዳል። እሳቱ ሲጠፋ ቤቱም አብሮ ይቀዘቅዛል።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር፣ ምድር በቀን ያገኘችውን ሙቀት በሌሊት ትለቀዋለች። ጠዋት ሲነሱ ውርጩ ሳሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። በአንኮበር በኩል ደግሞ ጉሙ ከቆላው ገደሉን ተከትሎ ይወጣና ግድግዳውንም ልብሱንም ያረጥበዋል። እርጥብ ቤት ቢሞቅም ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ይህን ብርድ ለመከላከል ብዙው ቤተሰብ ኩበት ያነዳል። ኩበት ግን ሁለት ፈላጊ አለው። አንዱ ምድጃ ነው፤ ሌላው ማሳ ነው። ምድጃ የበላውን እበት ማሳው አያገኘውም። ከተረፈም ገበያ ወጥቶ ብር ያመጣል። ስለዚህ በቀዳዳ የሚወጣው ሙቀት ብቻ አይደለም። ማዳበሪያም ብርም አብሮ ይወጣል።

ዛሬ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤትን በትንሽ ወጪ እንዴት ማሞቅ ይቻላል? ሁለተኛ፣ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ቢያስፈልግ ከየት ይገኛል? ሲገኝስ ዕዳ እንዳይሆንብን ምን እናድርግ?

1. መጀመሪያ ቀዳዳውን ፈልጉ

ነፋስ ባለበት ምሽት አንድ የዶሮ ላባ በቀጭን ክር እሰሩ። ክሩን ይዛችሁ በበሩ ዙሪያ፣ በመስኮቱ ዙሪያ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በሚገናኙበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ዙሩ። ላባው በተወዛወዘበት ቦታ ሁሉ ብርድ ይገባል። ያንን ቦታ ምልክት አድርጉበት።

ከዚያ በኋላ ያለ ብር ወይም በጥቂት ብር የሚሠራውን ሥሩ።

ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክታችሁ ካቦካችሁ በኋላ ጥቂት ቀን አቆዩት። የግድግዳውን ስንጥቅ በእርሱ ምረጉ። የድንጋይ ቤት ከሆነ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ያለውን ክፍተት ሙሉ፤ የውስጡንም ገጽ በወፍራሙ ለስኑ። በጭዱ ውስጥ ያለው አየር ልክ እንደ ባናው ጠጉር ሙቀት ይይዛል።

በሩ ከመሬት ከፍ ያለ ከሆነ ደፍ ሥሩለት። በጣውላው መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን እንጨት ድፈኑ። ከውጭ በኩል ውሃ መውረጃ ቦይ ቆፍሩ፤ ግድግዳው ከሥሩ እርጥበት እንዳይጠጣ ነው።

ጣሪያውስ? ሞቃት አየር ወደ ላይ ይወጣል። የሳር ክዳን ሙቀት ይይዛል። ቆርቆሮ ግን ቀጭን ብረት ስለሆነ ቀን በፀሐይ ይግላል፤ ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ቢያንስ በመኝታው በኩል ኮርኒስ ቢያበጅ ትልቅ ጥቅም ያገኛል። ኮርኒሱን ከሰሌን ወይም ከታጠበ ጆንያ መሥራት ይቻላል። ነገር ግን ከእሳት በላይ ፈጽሞ አይሠራ። ሰሌንና ጆንያ በአንድ ብልጭታ ይያያዛሉ።

ይህ ሥራ በደቦ ወይም በወንፈል ቢሠራ ያለ ደመወዝ ያልቃል። ዛሬ የእኔ ቤት፣ ነገ የአንተ፣ ከነገ ወዲያ የእርሷ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ!

2. ብርድ ስንዘጋ ጭስ እንዳንዘጋ

እዚህ ላይ ትልቅ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሰው ብርድ ፈርቶ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍንና እሳት አንድዶ ይተኛል። ይህ ሕይወት ያጠፋል።

ከሰል፣ ኩበትም ሆነ እንጨት ሲነድድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ስለዚህ ሰው ሳያየውና ሳያሸተው ይገድለዋል። በተለይ የከሰል ፍም ጭስ ስለማይታይበት ብዙ ሰው ያታልላል። «ጭሱ አልቋልና ወደ መኝታ ቤት እናስገባው» ይባላል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። እንዲህ የሆነ ሰው ሲገኝ ወዲያው ወደ ውጭ አየር አውጡት፤ ወደ ጤና ጣቢያም ውሰዱት።

የሚታየው ጭስም ቢሆን ጎጂ ነው። ዓይን ያስለቅሳል፤ ሳንባ ያሳምማል። ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዱት ከእሳት ዳር የማይርቁት እናቶችና በጀርባ የታዘሉ ሕፃናት ናቸው።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው። ብርድ የሚገባበትን የታች ቀዳዳ ዝጉ፤ ጭስ የሚወጣበትን የላይ መውጫ ክፈቱ። ፍም ይዛችሁ አትተኙ።

ከብት ወይም በግ ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤትም መካከሉ በግድግዳ ቢለይ ይመረጣል። የከብት ትንፋሽ ቤት ቢያሞቅም እርጥበትና በሽታ ያመጣል።

3. የተሻሻለ ምድጃ

በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር አብዛኛው እሳት በጎንና በጎን ያመልጣል። ለእንጀራ መጋገሪያ ተብሎ «ምርጥ» የሚባል ምድጃ በአገራችን ከተሠራ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በክፍል በክፍል ይሠራና በምጣዱ ዙሪያ ይገጣጠማል። በደንብ ከተተከለ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ያተርፋል።

አንድ ነገር ግን ማወቅ ይገባል። ይህ ምድጃ እሳቱን ለምጣዱ ስለሚሰጥ ቤቱን እንደ ጉልቻው አያሞቅም። «ምድጃ ገዛን፣ ቤቱ ግን ቀዘቀዘ» ብሎ ወደ ጉልቻው የሚመለስ ሰው አለ። ጥፋቱ የምድጃው አይደለም፤ የቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ቤት ይደፈን፤ ቀጥሎ ምድጃ ይገዛ።

ይህ ቅደም ተከተል በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ በጣም ናረ። በአሜሪካ ድሆች ቤታቸውን ማሞቅ አቃታቸው። መንግሥታቸውም በ1968 ዓ.ም. የድሆችን ቤት ከብርድ የሚጠብቅ የእርዳታ ፕሮግራም በሕግ አቋቋመ። ባለሙያው በቅድሚያ ቤቱን ዞሮ ይመረምራል፤ ሙቀት የሚያመልጥበትን ይለያል፤ ከዚያ ገንዘቡ ይወጣል። የዶሮ ላባው ሥራ የባለሙያውን ሥራ ይመስላል።

4. ገንዘብ ከየት ይገኛል?

በአገራችን ለገበሬ ቤት ማሞቂያ ተብሎ በነፃ የሚታደል ገንዘብ የተለመደ አይደለም። ቢሆንም የተለያዩ መንገዶች አሉ።

ሀ. እቁብ። ወለድ የለውም። ዕጣው ከክረምት በኋላ፣ ከውርጩ በፊት እንዲደርስ ከዳኛው ጋር መነጋገር ይቻላል።

ለ. የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር። አባሉ መጀመሪያ ይቆጥባል፤ ቀጥሎ ይበደራል። ማኅበሩ የአባላቱ ስለሆነ ወለዱንም የሚወስኑት እነርሱው በጉባኤ ነው።

ሐ. የብድር ተቋም። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ1989 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ ገበሬውን በቡድን ዋስትና ሲያበድር ቆይቷል። ብዙ ሰው «አብቁተ» ብሎ ያውቀዋል። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ጸደይ ባንክ ሆኗል። በቡድን ዋስትና አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ስለዚህ ዕዳ የአንድ ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ፍቅርም አብሮ በዋስትና ይያዛል።

መ. የባዮጋዝ ድጋፍ። ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። ከወጪው ከፊሉን ፕሮግራሙ ደገፈ፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት የገበሬው ድርሻ ሆነ። ባዮጋዝ ከእበት ለማብሰያና ለመብራት ጋዝ ያወጣል፤ ተረፈ ምርቱም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። ነገር ግን 4 ያህል ከብትና ቅርብ ውሃ ይፈልጋል። በብርድ አገር ደግሞ ጋዙ ይቀንሳል። ስለዚህ በወረዳችሁ ድጋፍ መኖሩን ከውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት ስትጠይቁ፣ «በእኛ ብርድ ምን ያህል ጋዝ ይሰጣል?» ብላችሁም ጠይቁ።

ከአራጣ አበዳሪ ግን ራቁ። የአራጣ ዕዳ በሬ ይሸጣል።

5. ከመፈረም በፊት እናስላ

ለበሬ ወይም ለበግ የተበደረ ሰው ከብቱን ሸጦ ይከፍላል። ቤት ግን አይወልድም። የቤት ብድር የሚከፈለው ከሚተርፈው ማገዶ ወይም ከሌላ ገቢ ነው። እስቲ በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለመማሪያ ነው፤ እናንተ የገበያችሁን ዋጋ ተኩበት።

አንድ ቤተሰብ በሳምንት 4 ጆንያ ኩበት ያነድ ነበር እንበል። ቤቱ ተደፍኖ፣ ምድጃውም ተተክሎ 3 ጆንያ በቃው። በሳምንት 1 ጆንያ ተረፈ። በዓመት 52 ጆንያ ይሆናል። አንዱ ጆንያ በ42 ብር ቢሸጥ፣
52 × 42 = 2,184 ብር።

ቤተሰቡ ለበር ጣውላ፣ ለምስማርና ለምድጃ 2,000 ብር ለአንድ ዓመት ተበደረ። ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 ነው። በየ3 ወሩ 500 ብር ከነወለዱ ይከፍላል።

ወለዱ እስከ መጨረሻው በ2,000 ብሩ ላይ የሚታሰብ ከሆነ 240 ብር ነው። ጠቅላላው 2,240 ብር ይሆናል። ይህ ከ2,184 ብር ይበልጣል። ኩበቱ ዕዳውን አይከፍልም፤ 56 ብር ይጎድላል።

ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ ግን፣
60 + 45 + 30 + 15 = 150 ብር ነው። ጠቅላላው 2,150 ብር ይሆናል። ከኩበቱ ሽያጭ 34 ብር ይተርፋል።

አያችሁ? በሁለቱም «ከመቶ 12» ተብሏል። ልዩነቱ ግን 90 ብር ነው። በአፍ ሲነገር አንድ ይመስላል፤ በወረቀት ሲሰላ ይለያል።

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦
ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነው ወይስ በቀሪው?
ከወለዱ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ አለ?
መክፈያው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ሊሆን ይችላል?
ባልከፍል ዋሶቼን ምን ይደርስባቸዋል?

መልሱ በውሉ ላይ መጻፉን በዓይናችሁ እዩ። ያልገባችሁ ቃል ካለ «ይነበብልኝ፣ ይብራራልኝ» በሉ። ይህ ነውር አይደለም። ባልና ሚስት አብረው ያንብቡት፤ ኩበቱን የምትጠፈጥፈውም፣ ጭሱ ውስጥ የምትውለውም እርሷ ናትና።

ድሮ ብዙ አባቶች ያላነበቡት ወረቀት ላይ ጣታቸውን አትመዋል። በወረቀቱ ምን እንደ ተጻፈ ያወቁት ከብታቸው ሲነዳ ነው። ዛሬ ፊደል ቆጥረናል፤ መደመርና ማባዛትም ተምረናል። እንግዲህ ቤታችንን በጭቃ፣ ኪሳችንን በሂሳብ እንድፈን።

ጥያቄዎች

1. ባና እሳት ሳይኖረው የሚያሞቀው ለምንድን ነው?
2. ከምድጃ በፊት ቤት መደፈን ያለበት ለምንድን ነው?
3. የከሰል ፍም ይዞ መተኛት ምን አደጋ አለው?
4. በሳምንት የምታነዱት ኩበት ስንት ጆንያ ነው? 1 ጆንያ ቢተርፍ በዓመት ስንት ብር ይሆናል? በገበያችሁ ዋጋ አስሉ።
5. 1,000 ብር በዓመት ከመቶ 12 ወለድ ብትበደሩና በየ3 ወሩ 250 ብር ብትከፍሉ፣ በሁለቱ አሠራሮች ወለዱ ስንት ስንት ይሆናል?